ካንሰር፣ የሕይወት መድንና የየቲሞች አደራ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በየቲምነት ባደጉት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዚህ የትምህርት ዓምዳችን ከዚህ ቀደም ስለ የቲም ገንዘብ አያያዝና ስለ ወሲይ ግዴታዎች ጽፈናል። የዛሬውን ርዕስ ግን እኛ አልመረጥነውም፤ አንዲት እናት ይዘውልን መጡ።

እኒህ እኅታችን ባለቤታቸው ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሟቹ የሰው መኪና የሚያሽከረክሩ ሾፌር ነበሩና ጡረታም ሆነ ጥሪት አልተዉም። ሦስቱ ልጆች ከማኅበራችን ወርኃዊ ድጋፍ ያገኛሉ፤ እናትየው ደግሞ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥረው ከ11 ዓመት በላይ ሠርተዋል። ባለፈው የትምህርት ዘመን መዝጊያ ላይ የልጆቹን የፈተና ውጤት ሊያሳዩን ሲመጡ ራሳቸውን አጥብቀው ተሸፋፍነው ነበር። የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ኬሞቴራፒውንም ጨርሰው በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ጀምረዋል። የልጆቹን ውጤት ካየንና «ማሻአላህ» ካልን በኋላ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «እኔም ብሞት እነዚህን ልጆች ማን ይይዛቸዋል? የሕይወት መድን የሚባለውን መግባት እችላለሁን? ጎረቤቴ በሽታሽን ካልተናገርሽ ይቀበሉሻል ትለኛለች፤ ይህስ ይፈቀድልኛልን?»

የዐረብኛ ቋንቋ ሊቃውንት አባቱ የሞተበትን ልጅ የቲም፣ እናቱ የሞተችበትን ዐጂይ፣ ሁለቱንም ያጣውን ለጢም ይሉታል። እኒህ እናት ልጆቻቸው ከመጀመሪያው ስም ወደ ሦስተኛው እንዳይሸጋገሩ ፈርተው ነው የመጡት። ጥያቄያቸው ሦስት ነገር አዝሏል፦ ካንሰር ያለበት ሰው መድን ያገኛልን፤ መድኑስ ሐላል ነውን፤ ሕመምን መደበቅስ እንዴት ይታያል። ያን ዕለት በቂ መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ጠይቀን የተማርነውን ከዚህ በታች እናካፍላለን።

በቅድሚያ አንዳንድ ወንድሞች «ለሞት መዘጋጀት በአላህ አለመመካት ነው» ስለሚሉት ጥቂት እንበል። በሱረቱል ከህፍ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እና ያ ዐዋቂ ባሪያ እንግዳ ማስተናገድ እንቢ ወዳለች ከተማ ደርሰው ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ እንዳገኙ፣ ዐዋቂውም ያለ አንዳች ክፍያ እንዳቀናው ተነግሮናል። ከግድግዳው ሥር ደጉ አባታቸው የሞቱባቸው የሁለት የቲሞች ድልብ ነበረ፤ አላህም ልጆቹ ለአቅመ አዳም እስኪደርሱ ተጠብቆ እንዲቆይላቸው ሻ። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ለየቲም ገንዘቡ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃው ነው፤ እስኪያድግ የሚጠብቅለት ግድግዳ ያሻዋል። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) በመሰናበቻው ሐጅ ወቅት በጠና ታመው ሀብታቸውን በሰደቃ ሊሰጡ ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሲሶ እንዳያልፉ ከልክለዋቸዋል፤ ሲሶም ብዙ እንደሆነ ነግረዋቸው ወራሾችን ሰው ደጅ ከሚጠኑ ድኾች አድርጎ ከመተው ይልቅ የተብቃቁ አድርጎ መተው እንደሚሻል አስተምረዋል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። በዚያ ሕመም እንደሚሞቱ የፈሩት ሰዕድ ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ መኖራቸውንም በካንሰር ለሚታከሙ እኅቶችና ወንድሞች ማስታወስ እንወዳለን።

ወደ ሸሪዓው ብይን እንለፍ። መድን በዘመናችን የመጣ ውል በመሆኑ ዑለማእ በሰፊው ተወያይተውበታል። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 (1406 ሂጅሪያ) በጅዳ ባደረገው ጉባኤ፣ በተወሰነ አረቦን የሚገባው የንግድ መድን ውል ውሉን የሚያፈርስ ብዙ ገረር ስላለበት እንደማይፈቀድ፣ በመለገስና በመረዳዳት ላይ የተመሠረተው የትብብር መድን ግን የተፈቀደ አማራጭ እንደሆነ ወስኗል። እንደ ሙስጠፋ አዝዘርቃ ያሉ ታላላቅ የፊቅህ ሰዎች ከዚህ የተለየ አቋም እንደነበራቸው አይዘነጋም፤ እኛ ግን በብዙኃኑ ውሳኔ እንጓዛለን። የትብብሩ መድን ተካፉል ይባላል። አባላቱ የሚያዋጡትን በተበሩዕ፣ ማለትም በልገሳ ኒያ ወደ አንድ ቋት ያስገባሉ፤ ከመካከላቸው አደጋ የደረሰበት ከቋቱ ይካሳል። ድርጅቱ የቋቱ ባለቤት ሳይሆን በታወቀ ክፍያ የሚያስተዳድር ወኪል ነው፤ ገንዘቡም ከወለድ በራቀ ሥራ ላይ ይውላል። ቋቱ ቢጎድል አስተዳዳሪው ያለ ወለድ ያበድራል፤ ቢተርፍም ትርፉ እንደ ውሉ ለአባላቱ ይመለሳል ወይም በቋቱ ይቆያል።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድራችንን፣ በሐረርም አፎቻን የሚያውቅ ሰው የተካፉልን መንፈስ ገና ሳይነገረው ይረዳዋል። በዘመናዊ መልኩ ግን ጎረቤታችን ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረችው ሥራ ወደ አገራችን ለመግባት ብዙ ዓመት ፈጅቷል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ተካፉልን የሚመለከት መመሪያ ያወጣው በ2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አንዳንድ የመድን ድርጅቶች የተካፉል መስኮት ከፍተዋል። መስኮት የከፈተ ሁሉ የሕይወት ሽፋን ይሰጣል ማለት ስላልሆነ፣ «የቤተሰብ ተካፉል አላችሁን? የሸሪዓ አማካሪዎቻችሁስ እነማን ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። መደበኛ መድንም ሆነ ተካፉል፣ የካንሰር ታሪክ ያለው ሰው ሲመጣ የሚጠይቀው «ካንሰር አለብህ ወይስ የለብህም?» ብሎ ብቻ አይደለም። የትኛው ዓይነት ካንሰር እንደሆነ፣ ሲገኝ በስንተኛው ደረጃ ላይ እንደነበረ፣ ወደ ንፍፊትና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መሰራጨት አለመሰራጨቱን፣ ምን ሕክምና እንደተሰጠና በተለይም ሕክምናው ካበቃ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ይመረምራል። በቆዳ ላይ ወጥቶ ሳይሰራጭ ተቆርጦ የወጣ ትንሽ ካንሰር እና ወደ ጉበት የተዛመተ ካንሰር በአንድ ስም ቢጠሩም በመዛኙ ዓይን ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ከምርመራው በኋላ የሚሰጡት መልሶች ብዙውን ጊዜ ከአራት አይዘሉም፦ በተራው አረቦን መቀበል፣ ተጨማሪ አስከፍሎ መቀበል፣ ለተወሰነ ዓመት ማቆየት፣ ወይም አለመቀበል። ሕክምና ላይ ያለ ወይም በቅርቡ ያበቃ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ሦስተኛውን ነው። በሽታው ሊመለስ የሚችልበት ዕድል ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመሆኑ፣ እንደ ካንሰሩ ዓይነት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ቆይተህ ተመለስ ይባላል።

ይህ መልስ ልብ ይሰብራል። እኛም መጀመሪያ ስንሰማው ግፍ መስሎን ነበር። ነገር ግን በተካፉል ቋት ውስጥ ያለው ገንዘብ የሌሎች አባላት፣ ከእነርሱም መካከል የሌሎች የቲሞች አባቶችና እናቶች መዋጮ ነው። አደጋው በእጅጉ የቀረበ ሰው ከሌላው ጋር እኩል እያዋጣ ይግባ ቢባል ቋቱ ለማንም ሳይበቃ ይደርቃል። «ቆዩ» መባልንም «አይቻልም» ከመባል መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ አንድ ጊዜ ከተመለሰ በኋላ ዳግመኛ ሳይጠይቅ ይቀራል።

ተጨማሪ ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ በምሳሌ እናሳይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሰው ለ200,000 ብር ሽፋን ከየ1,000 ብሩ 5 ብር ይከፍላል እንበል፤ የዓመቱ ክፍያ 1,000 ብር ይሆናል። የካንሰር ታሪክ ስላለው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየ1,000 ብሩ ሌላ 5 ብር ከተጨመረበት በእነዚያ ዓመታት 2,000 ብር ይከፍላል፤ አምስቱ ዓመት በሰላም ካለፈ ወደ 1,000 ብር ይመለሳል። እንዲህ ያለ ውል የቀረበለት ሰው ጭማሪው ለዘለዓለም ነው ወይስ ለተወሰነ ጊዜ ብሎ ሳይጠይቅ እንዳይፈርም እንመክራለን።

ይዞ መቅረብ የሚገባው ወረቀትም አለ። የፓቶሎጂ ውጤት፣ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ፣ የኬሞቴራፒና የጨረር ሕክምና ማጠቃለያ፣ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ክትትሎች። በአገራችን ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ ለታካሚው ተሰጥቶ በቁም ሳጥን ላይ ወይም በፌስታል ውስጥ ይቀመጣል፤ ቤት ሲቀየር ይጠፋል። እኒያ እናት የፓቶሎጂ ውጤታቸውን ያገኙት በትንሹ ልጃቸው የድሮ ደብተር መካከል ነው። ኮፒ አስነሥቶ አንዱን ለታመነ ዘመድ መስጠት የሳንቲም ወጪ ነው።

ጎረቤታቸው ወደ መከሯቸው መደበቅ እንመጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በአንድ እህል ሻጭ ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ውስጡ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው የሚያታልል ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ መናገራቸው ይታወቃል። በመድን ፎርም ላይ «ከዚህ በፊት ታመህ ታውቃለህን?» ለሚል ጥያቄ «አላውቅም» ብሎ መጻፍ እርጥቡን እህል ከሥር ማድረግ ነው። በተካፉል ሲሆን ደግሞ የተታለለው ድርጅቱ ብቻ አይደለም፤ መዋጮአቸውን በልገሳ የሰጡት ሁሉ ናቸው።

በዱንያም ቢሆን አያዋጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ብዙ ክፍሎቹ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ቢተኩም የመድን ድንጋጌዎቹ ጸንተው ቆይተዋል። በእነዚህም መሠረት መድን ገቢው ለአደጋው ግምት የሚረዳውን የሚያውቀውን ነገር ሁሉ በትክክል የመግለጽ ግዴታ አለበት (ቁጥር 667)። ዐውቆ ከደበቀ ወይም በሐሰት ከተናገረ ውሉ ውጤት ያጣል፤ የከፈለው አረቦንም አይመለስለትም (ቁጥር 668)። ሳያውቅ ወይም ያለ ተንኮል ያጎደለው ከሆነና ነገሩ ከሞተ በኋላ ከታወቀ ግን ክፍያው ከአረቦኑ ጋር ተመዛዝኖ ይቀነሳል። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ 2,000 ብር መክፈል ሲገባው 1,000 ብቻ የከፈለ ሰው ወራሾቹ ከ200,000 ብር 100,000 ያገኛሉ ማለት ነው።

ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥተን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጉሮሮ ካንሰር የነበረባቸው አንድ አባት ሕመማቸውን ሳይገልጹ የሕይወት መድን ገብተው በሁለተኛው ዓመት አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ባለቤታቸው ገንዘቡን ሊጠይቁ ሲሄዱ ድርጅቱ የሆስፒታሉን ካርድ አስወጣ፤ ካርዱ ላይ ያለው ቀን ከፎርሙ ቀን ይቀድም ነበር። እኛም አብረን ሄደን ለመማጸን ሞክረናል፤ ከሕጉ ውጪ ማድረግ አልቻሉም። ይበልጥ ያሳዘነን ግን ገንዘቡ መቅረቱ አልነበረም። አባትየው መድኑን ተማምነው ለሕክምና የተበደሩትን ዕዳ «ከኢንሹራንሱ ይከፈላል» ብለው ለማንም ሳይጽፉ ትተውት ነበር። ሚስትና አራት ልጆች ዕዳውን የሰሙት ባለዕዳዎቹ ለተዕዝያ ሲመጡ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ብድርን እንድንጽፍ ማዘዙን፣ በሱረቱ ኒሳእም ውርስ የሚከፋፈለው ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ መሆኑን መደንገጉን እያወቅን ይህን ያህል መዘናጋታችን ያሳፍራል።

ለእኒያ እናት ወደ አንድ የተካፉል መስኮት አብረን ሄደን እውነቱን በሙሉ አስረዳን። የተሰጣቸው መልስ ሕክምናው ካበቃ ሁለት ዓመት ሲሞላ የክትትል ውጤት ይዘው እንዲቀርቡ የሚል ነበር። ይህን ያህል ጠብቀን ነበርና አልደነገጥንም። ያልጠበቅነው ቀጥሎ የመጣው ነው።

ወደ ፋብሪካው ሄደን ለሠራተኞች የተገባ የቡድን መድን እንዳለ ጠየቅን። እኅታችን «እኛ እንዲህ ያለ ነገር የለንም» ብለውን ነበር። የሰው ኃይል ክፍሉ ግን ማኅደራቸውን ሲያወጣ አሠሪው በራሱ ወጪ ለሠራተኞቹ ሁሉ የቡድን የሕይወት መድን እንደገባላቸው ተረዳን። የቡድን መድን አደጋው በብዙ ሰው ላይ ስለሚከፋፈል እስከ አንድ የተወሰነ መጠን ድረስ የእያንዳንዱን ጤና አይጠይቅም፤ ስለዚህ ካንሰር ያለበትም ሰው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ሽፋን ሊኖረው ይችላል። በፎርሙ ላይ «ተጠቃሚ» በሚለው ቦታ ግን አንድ ስም ብቻ ሰፍሮ ነበር፦ ከአምስት ዓመት በፊት የሞቱት ባለቤታቸው። ሲቀጠሩ የሞሉት ፎርም ነውና ከዚያ ወዲህ የነካው ሰው አልነበረም።

አሠሪ በገዛ ወጪው የሚገባውን መድን አንዳንድ ዑለማእ ሠራተኛው ራሱ ከሚገባው የንግድ መድን ለይተው እንደ ሥራ ጥቅም ያዩታል፤ ሌሎችም ይጠነቀቁበታል። እያንዳንዱ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። የተጠቃሚ ስም ጉዳይ ግን ክርክር የለበትም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን (ቁጥር 827) መሠረት ተጠቃሚው ያልተለየበት፣ ወይም «ለወራሾቼ» ተብሎ ብቻ የተተወ የሕይወት መድን ገንዘብ ከውርሱ ጋር ይቀላቀላል፤ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የባለዕዳ ጥያቄና የፍርድ ቤት ቀጠሮ ይከተለዋል። ተጠቃሚው በስም ከተለየ ግን ከውርሱ ውጪ ሆኖ በቀጥታ ለተባለው ሰው ይከፈላል። ስለዚህም «ለልጆቼ ይይዝልኛል» በሚል ሐሳብ ወንድምን ወይም አጎትን በስም ማስፈር አደገኛ ነው፤ ወረቀቱ የሚያውቀው የወንድምየውን ስም እንጂ አደራውን አይደለም። በማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሕግ የተካፉል ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ የተሰየመ ሰው ለራሱ በስጦታ የሚቀበል ወይም ለወራሾች የሚያከፋፍል አስፈጻሚ መሆኑ አስቀድሞ እንዲለይ አድርጓል። ይህ በእኛም አገር ፎርሞች ላይ ቢለመድ እንመኛለን። እስከዚያው የልጆቹን ሙሉ ስም ከነልደት ምስክር ወረቀታቸው ማስመዝገብና ገንዘባቸውን የሚያስተዳድረውን ሞግዚት ለይቶ ማሳወቅ ይሻላል።

ስለ ሞግዚት ካነሣን፣ በቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አባቱ ሲሞት እናቱ ብቻዋን አሳዳሪና ሞግዚት ትሆናለች፤ በሕይወት የቀረው ወላጅም ከእርሱ በኋላ ማን እንዲተካ በኑዛዜ ሊሰይም ይችላል። በሸሪዓው በኩል ደግሞ የአባት አባት በሕይወት ካለ ሻፊዒዮች ለልጅ ገንዘብ ከወሲይ በፊት እርሱን ያስቀድማሉ፤ ሐነፊዮች ዘንድ ደግሞ አባት የሰየመው ወሲይ ከአያት ይቀድማል። በመሆኑም የልጆቹ አያት፣ አጎቶችና የእናት ወገኖች አንድ ላይ ተቀምጠው ቢነጋገሩና ስምምነታቸውን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢያጸኑት መልካም ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የጋብቻን፣ የሞግዚትነትንና የውርስን ጉዳይ እንዲያዩ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል።

በኑዛዜ ረገድ ሁለት ስሕተት ደጋግመን እናያለን። አንደኛው በጠና የታመመ ሰው «አሁን በሕይወት እያለሁ ልስጥ» ብሎ ቤቱን ለአንዱ ልጁ ወይም ለአስታማሚው በስጦታ ማዛወሩ ነው። ፉቀሃእ ለሞት ባደረሰ ሕመም ውስጥ የተሰጠ ስጦታ እንደ ወሲያ እንደሚቆጠር ያስተምራሉ፤ ለወራሽ ያልሆነ ሰው ከሲሶ ሊያልፍ አይችልም፣ ለወራሽም ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም። ካንሰር ታክሞ ሥራውን እየሠራ ያለ ሰው በዚህ ክልል ውስጥ አይገባም፤ ሕመሙ የጸናበት ግን ዓሊም ሳይጠይቅ እንዳይፈርም። ሁለተኛው ስሕተት በቃል ተናግሮ መተው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቃል ኑዛዜን በጣም ጥቂት ለሆኑ ጉዳዮች ብቻ ይቀበለዋል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ወዲያው መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ተናዛዡ በእጁ የሚጽፈው ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእጁ ጽሑፍ፣ ቀን ያለውና በየገጹ የተፈረመ ይሁን። በኮምፒውተር ተጽፎ ፊርማ ብቻ የተደረገበትን፣ ምስክርም የሌለውን «ኑዛዜ» ይዘው የመጡልን ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

በሥራ ላይ ያሉ ሕሙማን ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ሌሎች መብቶችም አሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ይህን ባለማወቅ ኬሞቴራፒ ሲጀምሩ ሥራቸውን በፈቃዳቸው የለቀቁ እናቶች አጋጥመውናል፤ ሥራውን ሲለቁ የቡድን መድኑም አብሮ ይቀራል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጡረታ ዐቅድ ስለታቀፉ፣ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ሲሞት ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ የተተኪ አበል ይኖራቸዋል። ዕድርም እንዳይረሳ። የሚከፍለው ጥቂት ቢሆንም ስለ ካንሰር አይጠይቅም፤ ይሁንና ብዙዎቹ ዕድሮች አዲስ ገቢን ለተወሰነ ጊዜ ስለሚያስጠብቁ የባልን ስም በሚስት ማስተላለፍ ሲገባ ችላ ብሎ አባልነቱን ማቋረጥ ጉዳት አለው።

ልጆቻችንን ከውጭ ሆነው በከፋላ የያዙልን ወገኖች ስለ ራሳቸው ሁኔታ ይጠይቁናል። በአውሮፓ አንዳንድ አገሮች የተፈወሰን ሰው ከዕድሜ ልክ ጥያቄ የሚያሳርፍ ሕግ አውጥተዋል፤ ለምሳሌ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ የካንሰር ሕክምናው ካበቃ አምስት ዓመት የሞላውና በሽታው ያልተመለሰበት ሰው ለብድር በሚገባው መድን ላይ ያን ታሪክ እንዲገልጽ አይገደድም። ቤልጂግ፣ ኔዘርላንድና ስፔንም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። በእነዚህ አገሮች አለመግለጽ በሕግ የተሰጠ መብት እንጂ ማታለል አይደለም። በአሜሪካ ያሉ ወገኖች ግን በአሠሪያቸው በኩል ያለውን የቡድን መድን ሲቀጠሩ ወዲያው ቢመዘገቡበት ይበጃል፤ በዚያን ጊዜ እስከ ተወሰነ መጠን የጤና ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አይቀርብምና።

አንድ ነገር ቀርቶናል። እናቱ ወይም እኅቱ በካንሰር የታመመችበት፣ ራሱ ግን ጤነኛ የሆነ ሰው «ምርመራ ካደረግሁ ይገኝብኝና መድን እከለከላለሁ» ብሎ ከሐኪም ሲሸሽ ሰምተናል። ይህ ከጎረቤትየዋ ምክር የባሰ ነው። ፎርሙ የቤተሰብን የሕመም ታሪክ ሊጠይቅ ይችላል፤ የሚያውቁትን በእውነት መመለስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ብቻ አይከለከልም። መድን መግባት የፈለገ በወጣትነቱና በጤናው ይግባ፤ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እኅት ግን አንድም ቀን አታዘግይ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የማሕፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በጤና ጣቢያዎች ማድረግ ይችላሉ። ለልጃገረዶች የሚሰጠው መከላከያ ክትባትም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል፤ በማኅበራችን ያሉ የቲም ልጃገረዶች አሳዳጊዎች ይህን እንዲያስከትቡ ደጋግመን እናሳስባለን።

እኒያ እኅታችን በፋብሪካው ፎርም ላይ የባለቤታቸውን ስም አሰርዘው የሦስቱን ልጆች ስም አስገብተዋል። ኑዛዜያቸውን በአራት ምስክሮች ፊት አስነብበው ፈርመዋል፤ ያለባቸው ዕዳ ሁለት መስመር ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ አንዱም የእኛው ማኅበር ለመድኃኒት ያበደረው ነበርና ሰርዘነዋል። ከልጆቹ የአባት ወገን አጎታቸው፣ ከእናት ወገን ደግሞ አክስታቸው በጽሕፈት ቤታችን ተገኝተው አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላዋ ልጆቹን ለመያዝ ተስማምተዋል። የወረቀቶቹ አንድ ኮፒ በማኅደራችን፣ አንዱ በአክስትየው እጅ ይገኛል። የተካፉሉ ቀጠሮ ገና 14 ወር ይቀረዋል፤ እስከዚያው በየሦስት ወሩ ለክትትል ይቀርባሉ፤ በየወሩም ለልጆቹ ድጋፍ ሲመጡ የክትትል ወረቀታቸውን ኮፒ ያስቀምጡልናል። አንባቢያን በዱዓችሁ እንድታስቧቸው አደራ ብለውናል።